ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎች ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ጋቢያቸውን ደርበው ነው። ጋቢውን የሸመነውን ሰው ልጅ ግን ሊጠይቁ አይሄዱም። ለምን? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣም፣ ውቅያኖስ ስሻገርም መልስ አላገኘሁለትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የሚተርት ሕዝብ፣ ድሩን የሚያደራውን ሰው «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሲሰድብ አያፍርም። አባቴ ሸማኔ ነው። ይህን ስታነቡ ፊታችሁ ላይ ሽው ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ እሱን እያየሁ ነው ያደግኩት።

ባለፈው ሰመር፣ እዚህ አሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራ ፈረንጅ የናቫሆ ቀይ ሕንዶች አገር ይዛኝ ሄደች። ሽመናና እረኝነት የሚያስተምሩበት ቦታ ነው። አዎ፣ እረኝነት። የሳንታ ሞኒካ ሀብታሞች ሥራቸውን ትተው፣ ከፍለው፣ በግ ሊጠብቁ ይሄዳሉ። የኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ከበግ ጥበቃ ለማምለጥ ነው። እኔ ደግሞ ከተሜ ነኝ፤ በጎቹ ወዲያው አወቁብኝ። ጠዋት ነዳኋቸው፣ ከሰዓት ነዱኝ።

እዚያ በጉም ሽመናውም የሴቶች ነው። አስተማሪያችን ወይዘሮ ቤሲ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ እናታቸውም አያታቸውም ሸማኔ እንደነበሩ የሚናገሩት፣ የኛ ሰው «የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነኝ» በሚልበት ድምፅ ነው። እኛ ቤት ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፤ አባቴ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ ከአጠገቡ ሆኜ አያለሁ እንጂ አልነካም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የያዝኩት ማግ ሲበጠስብኝ፣ ሳላስበው ጫፎቹን በምራቄ አርሼ፣ በጣቶቼ አሽቼ ቀጠልኩት። ወይዘሮ ቤሲ አዩኝና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ።

«አባቴ» አልኩ። «ሸማኔ ነው።»

«ጥሩ ቤት ነው ያደግሽው» አሉኝ።

ይህችን ቃል ካገሬ ሰው ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር።

የሠራሁትን ትንሽ ምንጣፍ ይዤ ተመለስኩ። ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አሰገደች፣ ልጃቸው ዮናስ ሊያገባኝ ስላሰበ፣ ምንጣፉን ተቀብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለገባ ለወጣው «ሙሽራችን ከሕንዶች ተምራ የሠራችው ነው፣ እነሱኮ የእጅ ሥራ ያከብራሉ» ይላሉ። ሁሉም ያደንቃል። እኔ ዐይናፋር ነኝ፤ አቀርቅሬ ሽሮዬን እበላለሁ። ሽሮው በርዷል፤ እኔ ግን እፈላለሁ።

ዮናስ ሆሊውድ የእንግዶችን መኪና ፓርክ በማድረግ እየሠራ የሚማር፣ የምወደው ልጅ ነው። የአባቴን ሥራ ያውቃል፤ እናቱ ግን አልሰሙም። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲያደርሰኝ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ዐይኔን ሳያይ ተናገረ።

«ሊሰን፣ ለኔ ምንም ማለት አይደለም። ግን እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ ነጋዴ ነው በያቸው። ጨርቅ ይሸጥ የለ? ሶ፣ ውሸት አይደለም።»

«ግድግዳው ላይ ያለውንስ ማን ሠራው ልበላቸው?»

«እሱማ ሌላ ነው። እሱ አርት ነው።»

አርት! የሰው አገር ሴት ስትሸምን አርት፤ አባቴ ሲሸምን ቁጢት በጣሽ። እናቱ ላይ ብዙም አልተቆጣሁም፤ እሳቸው ያደጉበትን ነው የያዙት። የሚያነደኝ እሱ ነው። ያውቃል፣ ያፍራል፣ ማፈሩን ደግሞ ለኔ ማሰብ ይለዋል።

እዚህ ዘመድ ስለሌለኝ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ካልቨር ሲቲ፣ የኔው አፓርታማ ነው። የአባቴን ዐይነት የሽመና ዕቃ እንዳልተክል ጉድጓድ ይፈልጋል፤ አከራዬ ደግሞ ወለል ስቆፍር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። የናቫሆው ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ስለዚህ ወሰንኩ። እሑድ ድሩን ወጥሬ ሳሎኑ ውስጥ አቆመዋለሁ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ፣ የአባቴን ስምና ሥራውን ባንድ ትንፋሽ እነግራቸዋለሁ። መልሱ የጣማቸው ይቀመጡ፣ ምሳ አለ። ያልጣማቸው ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ይሂዱ።