ዲስኩ ትንሽ አሞታል

ደግ ወሬ እንዴትም ቢነገር የሚቀየም የለም። ወለደች፣ ፈተና አለፈ፣ ለቆላው ዘነበለት ብሎ ከመንገድ ማዶ የሚጮኽን ሰው ማን ይወቅሳል? መርዶ ግን ሥርዓት አለው። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ አንደበቱ የተገራ ሽማግሌ ተመርጦ ነው። ሽማግሌው ገብቶ ስለ ሞት አያወራም፤ በሬዎቹን ይጠይቃል፣ የአበርገሌ ማሽላ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ያነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉሮሮው ሲጠረግ ባለቤቱ ገብቶታል።

ፈረንጅ ይህን አያውቅም። የፈረንጅ ኮምፒውተር ደግሞ ጭራሽ።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ ጋሽ ምሕረቴ ዘንድ ነበር የምሠራው። ፎቶና ቪዲዮ ቤት አላቸው፤ የከተማውን ግማሽ ሰርግ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ወልዲያ መናኸሪያ ተሳፋሪ ስጣራ ከርሜ፣ ሲመሽ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ቤት በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ይዤ የተመለስኩ ባለሙያ ነኝ። ዓይን ካለ ሠርተፍኬት ምን ያደርጋል!

ይዣቸው ከመጣሁት ሲዲዎች በአንዱ ላይ የኮምፒውተሩን ጤና የሚከታተል ፕሮግራም ነበረና ጫንኩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ሆኖ ይቀመጥና ማሽኑ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ሥራው ሁሉ የሚከማችበት ዲስክ እንዴት እንደዋለ በየሁለት ሰከንዱ አይቶ ይናገራል። ነገረኛ ጎረቤት በሉት፤ ዓይኑን አይነቅልም።

አንድ ማክሰኞ ሳጥኑ ቀላ፤ ጮኸም። ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ያለህን ቶሎ አውጣ ነው የሚለው። እኔም ደንግጬ፣ ደንበኛ በሞላበት ቤት፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ ሊሞት ነው!» አልኩ።

ዲስኩ ውስጥ ያለው የእትዬ እማዋይሽ ልጅ ሰርግ ነው። ድንኳኑን ያስተከለው ጅዳ ያለው የሙሽሪት ወንድም ነው፤ መምጣት ብቻ አልቻለም። ቅዳሜ አንዲት የጎረቤት ልጅ ወደዚያው ስለምትሄድ እናትየው ሰርጉን በሲዲ ሊልኩለት ቀን ይቆጥራሉ። መጀመሪያ የተቀረጸበት ካሴት ላይ ደግሞ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። ዲስኩ ከሞተ ሰርጉም አብሮ መቀበሩ ነው።

«አንተ ስድ!» አሉ ጋሽ ምሕረቴ። «መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው ፊት?»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ እሱ ነው» አልኩ፤ ወደ ሳጥኑ እየጠቆምኩ። ሳጥኑም ደገመው። ወዲያው ሠለሰው።

«ሰማን'ኮ! ስንቴ ነው የሚያረዳን?»

አሁኑኑ ሲዲ ላይ እንገልብጠው ብል ማን ሰምቶኝ! ሙሽሪት ዙሪያ ቀይ ልብ ሳይዞር፣ በላይዋም ርግብ ሳይበር ሰርግ ከእሳቸው ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ያ ቅንብር እስከ ዓርብ ይፈጃል። እንዲያውም በሽታውን ያመጣው ይሄ ሟርተኛ ፕሮግራም ነው አሉና፣ ኮምፒውተሩ እንዳይሰማ ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ረገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይ ሥርዓት አስተምረው፣ ወይ አውጣልኝ።»

ሥርዓት የሚያስተምሩት «ምርጫዎች» የሚል ቦታ ገብተው ነው። ጋሽ ምሕረቴ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። በስንት ጊዜ ይመልከት ይላል ስላቸው፣ በቀን አንዴ፣ እሱም ማለዳ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አሉ። ቀዩ ቀለም ይቅር፣ አረንጓዴ ይሁን፣ ያውም ደብዘዝ ያለ። ድምፅስ? «አልቃሾቹ እኛ፤ እሱ ምን ቤት ነው!» መስኮቶቹ ላይ እየወጣ የሚጋረጠው ሳጥንም ከኋላ ይቀመጥ ተባለ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ዲስኩ ሲታመም በምን ቃል ይነገርዎ የሚል ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጻፍ። ዲስኩ ትንሽ አሞታል፤ ብዙም አያሳስብም።»

ከዚያ በኋላ የወረደውን ሰላም ብታዩት! ዲስኩ ያጣጥራል፣ እኛ ርግብ እናበራለን። እንዲህ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ብዙ ነው ይባላል፤ እኔ አልገባሁበትም።

በማግሥቱ ጋሽ ምሕረቴ ከኪዳን ሲመለሱ ቤቱን ራሳቸው ከፈቱ። እኔ ጓዳ ተኝቻለሁ። የጓዳው በር ሊገነጠል ደረሰ።

«ተነስ! አለቀለት!»

«ምን አለ?»

«ብዙም አያሳስብም ይላል!»

«ታዲያ አያሳስብም ካለ…»

«አንተ ልጅ፣ በሰው አገር ነው እንዴ ያደግኸው? አያሳስብም ከተባለ ወዲያ ምን ቀረ?»

ፍረዱ እንግዲህ። ቃሉን ያስጻፉት ራሳቸው ናቸው። በቀይ ጮኾ «እየሞተ ነው» ሲላቸው ወይ ፍንክች ያሉ ሰው፣ በደብዛዛ አረንጓዴ «አያሳስብም» ሲላቸው በር ሊገነጥሉ ደረሱ። አይፈረድባቸውም። «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ተልኮባቸው ሲደርሱ በሕይወት የቆየ ዘመድ አያውቁም።

ልቡም ርግቡም ቀረ። ሰርጉን እንዳለ ገለበጥነው። ሲዲው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ጮኸና ጸጥ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዲስክ ግን ይለቃል፣ ያውም ሳይሰናበት። ቅዳሜ ሲዲው ወደ ጅዳ ሄደ።

አዲስ ዲስክ ከወልዲያ አስመጣን። ፕሮግራሙን መልሰህ ጫን ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ጤነኛ መሆኑን ሲያዩ ደግሞ፣ «እንግዲያ ደህና ከሆነ በየሁለት ሰከንዱ ይንገረን» አሉ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ጻፍኩለት።

ከወራት በኋላ እትዬ እማዋይሽ መጡ። ልጃቸው ሲዲው ደርሶት ደውሏል፤ እህቱ ከቤት ስትወጣ እያየ አብሯት አልቅሷል። ርግቧ የታለች ብሎ አልጠየቀም። ምርቃታቸውን አዝንበው ሲጨርሱ ዓይናቸው ስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ።

«ይሄ ብልጭ ብልጭ የሚለው ምንድን ነው?»

«ዲስኩ ነው እትዬ። ደህና ነኝ እያለ ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚለው?»

«በየሁለት ሰከንዱ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊደል ባይለዩም ብልጭታውን እየተከተሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጃቸው የሚደውለው አሠሪዎቹ ሲፈቅዱለት ነው፤ እሱም በዓል ሲሆን።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፤ «ይሄ ለሰው የሚሆን የለውም?»

እኔ ለአፍ ሰንፌ አላውቅም። «ምርጫዎች» የሚለውን ከፈትኩና፣ የምር እንደሚፈልግ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያልኩ አየሁላቸው።