ሽማግሌ የተላከበት ላፕቶፕ

ይህ ነገር ሊተረክ ይገባዋል? እንጃ። ግን «እምቢ» ማለት የማይሆንለት ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? ላፕቶፔ ሥራ ላይ ሳለሁ ድርግም እያለ ሲያስቸግረኝ፣ ለተጨማሪ ዓመት የተገባልኝን ዋስትና ይዤ ባሕር ዳር ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ጋሽ ሙሉቀን በፈገግታ ተቀበሉኝ።

«እንቀይርልሃለን የኔ ልጅ፤ ሰኞ ና።»

ሰኞ ስሄድ ደግሞ «ሐሙስ ና» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ትሑት ሰው በምን አፍ ይቆጡታል? እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የማስረክበው ጽሑፍ ቀኑ ደርሶብኛል።

የመራዊው አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዋስትናውን ዞር ብለውም አላዩት። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡና ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ሙሉቀን ደንግጠው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አጎቴ።

«ለየትኛዋ ልጄ ነው የመጣችሁት?»

«ለላፕቶፑ ነው።»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ማየት ጀመረ። ሽማግሌ አቁሞ ማን ይችላል? ጋሽ ሙሉቀን አዲስ ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አውርደው በሁለት እጃቸው ለአጎቴ አስረከቡ።

«ልጄን የጠየቁትን እንኳ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «በቀጠሮ ነው የመለስኋቸው።»

አጎቴ መርቀዋቸው ተቀመጡ። እኔም ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ግቢ የተመለስሁት በሚካኤል ማግስት፣ ግንቦት 13 ቀን ነው።