ሥራ እንዳይነካ የተከለከለው እጅ

የፎገራው ገበሬ የአያልነህ ቀኝ እጅ ስለ ምን ደርቆ እንደ ቀረ ሁለት የተከበሩ ቃሎች አሉ። በሥራ የመፈወስን ጥበብ ሊያጠና ከኮሌጅ የመጣው አቶ ገብረማርያም፣ እጁ የደረቀው ዐርፎ ስለ ከረመ ነው ይላል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ዕረፍቱን ስላልጠገበ ነው ይላሉ። ደግነቱ ሁለቱ ወገኖች በምክንያቱ ቢለያዩም በትእዛዙ ተስማምተዋል፤ እጁ ምንም እንዳይሠራ።

ነገሩ የጀመረው አያልነህ በሬ ሲጠምድ ነው። አንዱ በሬ ደነበረና ቀንበሩ ክንዱን ሰበረው። ወጌሻ አሠረው፤ አጥንቱም ገጠመ። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ፍቅር ተጀመረ። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ በሽተኛው ራሱ ሲቆርስ ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለ ሆነበት፣ እየተፈራረቁ አጎረሱት። ከሁሉም ጉርሻ የሚስቱ የይታይሽ ወንድም የአንለይ ትበልጥ ነበር። አንለይ ቸር ሰው ነው። አማቹ ለክረምት ዕርፍ መጨበጥ ካልቻለ መሬቱን በእኩል ሊያርስለት፣ ከምርቱም ግማሹን ብቻ ሊወስድ ቃል ገብቷል።

"ብላ እንጂ፣ አያ አያልነህ!"

"ተው፣ እኔው ልሞክር።"

"እኔ ቆሜ? በሞትኩት! እጅህን አታድክመው።"

የአያልነህ ጣቶች አልታጠፍ ማለት በጀመሩበት በዚህ መሀል፣ አቶ ገብረማርያም በሎንችና አውቶቡስ መጥቶ ወረታ ከተማ ወረደ። እጅ በሥራ እንደሚድን ያምናል፤ ግን ለተማረ ሰው ማመን ብቻ አይበቃውም፣ ማረጋገጥ አለበት። ለማረጋገጥ ደግሞ ሁለት እጅ ያሻል፤ አንዱ የሚሠራ፣ ሌላው የሚቀመጥ። ጠጅ ቤት ያላት ገላነሽም ቀኝ እጇን ታማ ነበርና ሁለቱን ዕጣ አጣጣላቸው። ለገላነሽ እንዝርትና ጥጥ ደረሳት። ለአያልነህ መቀመጥ ደረሰው።

"እስከ መቼ ነው?" አለ አያልነህ።

"ጥናቱ እስኪያልቅ። ዕርፍ እንዳይነኩ፣ ማጭድ እንዳይነኩ።"

"ሥራ ያድናል ይሉ የለም እንዴ?"

"አዎን። ለዚህም ነው እርስዎ የማይሠሩት።"

ምክንያቱ ለአያልነህ ረቀቀበት። ቢሆንም መሬት በዕጣ በሚካፈሉበት አገር በዕጣ የደረሰ ነገር አይመለስምና ታገሠ።

ገላነሽ ለፋሲካ በቀኟ ጠጅ ስትቀዳ ታየች። የአያልነህ ጣቶች ግን ጨርሰው እንቢ አሉ። አቶ ገብረማርያም በየጊዜው እየመጣ ጣቶቹን ይስብና፣ "እጅግ ጥሩ ነው፤ ብሷል" እያለ ያበረታታው ነበር።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሜዳውን ባራሰ ማግስት አቶ ገብረማርያም ተማሪዎቹን አስከትሎ ከአያልነህ ደጅ ደረሰ። አንለይም በሬዎቹን ሊነዳ መጥቶ ከበረቱ በር ቆሟል።

"ዛሬ በሬዎቹ ከዚህ ደጅ ከወጡ መመለሻቸውን እንጃ" አለች ይታይሽ ለባሏ፣ ወንድሟን እያየች።

አቶ ገብረማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። "የተከበራችሁ ተማሪዎች! ጥናት የትምህርት እናት ናት፤ ትምህርትም የተግባር እናት ናት። ይህን የደረቀ እጅ ተመልከቱ፤ ምንም ባለመሥራቱ ለዕውቀት የሠራውን ሥራ አስተውሉ!"

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አያልነህም ሊያጨበጭብ አስቦ አልሆነለትም።

"ጌታዬ" አለ፣ "እናቲቱንና አያቲቱን አየናቸው። ልጅቱ መቼ ነው የምትመጣ?"

"የትኛዋ ልጅ?"

"ተግባር የሚሏት።"

"እሷማ ለከርሞ ናት። አሁን እርስዎ ቢድኑ በምን እናነጻጽራለን? ጥናቱ ይበላሻል።"

"የተማረ ሰው ሲናገር ይሰማ እንጂ!" አለ አንለይ ከበረቱ በር። ከተማረ ሰው ጋር ሲስማማ የመጀመሪያው ነበር።

አያልነህ አንዴ አጥኚውን፣ አንዴ አማቹን አየ። ሁለቱም በርኅራኄ ፈገግ አሉለት። እሱም ከመደቡ ተነሣ፤ ሞፈሩ ወደ ተጋደመበት ሄደና በግራ እጁ የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈ ዕርፉ ላይ ጠመጠማቸው። ሕመሙ ፊቱን አጨማደደው፤ ግን አልለቀቀም።

"የሰው ልፋት አላበላሽም" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ነገሩን በእኩል እንጨርሰው። ግራ እጄን ለጥናቱ ሰጥቻለሁ፤ እስኪበቃችሁ አስቀምጡት። በቀኙ እኔ አርሳለሁ። ጅራፉን አንለይ ይይዝልኛል!"