የኢንጂነር ኃይለኢየሱስ ፍላሽ

በዓለም ላይ ኮምፒዩተር የሚያበላሽ ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ልጠግን ባዩ ነው። በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ይፈታል፣ ጥፋቱን ግን ቢገድሉት አያምንም።

የመካነ ሰላሙ የእኛው፣ ክቡር ኢንጂነር ኃይለኢየሱስ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ነው፤ እኛም አልነፈግነውም። የቄስ ልጅ ነውና አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ከማተቡ ጎን ፍላሽ ተንጠልጥሏል። ፍላሹ ውስጥ ሊነክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም አለ፤ በራሱ አልነሳ ያለ ኮምፒዩተር በእሱ ይነሳል። ካልተነሳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ችግሩ ከፍላሹ አይደለም!» ባለፈው ክረምት የፎቶ ኮፒ ቤቴ ኮምፒዩተር እምቢ ቢለው መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ብርዱን፣ በመጨረሻ እኔን ወቀሰ። ፍላሹን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረውም።

በቀደም እትዬ ዘሊካ ላፕቶፕ ታቅፈው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጡ። ልጃቸው አሚራ ከሳዑዲ ለእረፍት መጥታ ትታላቸው የሄደችው ነው። ውስጡ የሟች ባለቤታቸው የጋሽ አዩብ ቪዲዮ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ላፕቶፑ ግን አልነሳ ብሏል።

«አብሽሩ እትዬ» አለ እንደ ልማዱ ሳይጠራ የደረሰው ኢንጂነር። ፍላሹን አወለቀ፣ እፍ አለበት፣ አማተበና ሰካው።

«ቢስሚላህም በልበት» አሉት። አለበት።

አልተነሳም። በሌላኛው ቀዳዳ ሰካው። ላፕቶፑ ከፍላሽ እንዲነሳ ቅደም ተከተሉን አስተካከለ። ከኋላ ፈትቶ ሚሞሪውን በላጲስ ፈገፈገ። ከዚያ ፈረደ፦ «ችግሩ ከፍላሹ አይደለም። ዲስኩ ሞቷል።»

«እንግዲያ ድምፁንም ሁለተኛ አልሰማው» አሉ እትዬ ዘሊካ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ፍላሹን ነጥቄ የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁት። ከዳር እስከ ዳር መንዙማ ነው።

«ለማን አውሰኸው ነበር?»

«ለሙሐሲን፣ የከላላን መኪና ለሚነዳው። መንገድ ላይ መንዙማ ይስማበት ብዬ።»

ደወልን። «ወላሂ ቦታ ጠበበኝ» አለ ሙሐሲን፤ «ድምፅ የሌላቸውን ፋይሎች ሁሉ አጠፋኋቸው።»

ሊነክስ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ኢንጂነሩን ላብ አጠመቀው። አቀርቅሮ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ችግሩ ከፍላሹ ነው» አለ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ አልሜ አላውቅም።

መንዙማውን ለሙሐሲን እኔ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ሊነክሱን እንደገና ጫነ። ላፕቶፑ ተነሳ። ዲስኩም አልሞተም ነበር፤ የተበላሸው የላፕቶፑ የራሱ ሲስተም ብቻ ነው። ቪዲዮው ሲከፈት ጋሽ አዩብ በቅሎ እየጫኑ ብቅ አሉ።

«ዘሊካ፣ ነይ እንጂ፣ መሸብን!»

«መጣሁ!» አሉ እትዬ ዘሊካ፣ ሳያስቡት።

ቪዲዮውን ስልካቸው ላይ ገለበጠላቸው። እሳቸው ግን በትልቁ ማየት ፈለጉ፤ ላፕቶፑ ደግሞ ያለ ፍላሹ አይነሳም። ሊነቅለው እጁን ዘርግቶ መለሰው። «ይቀመጥ» አለ።

በማግስቱ በቤቴ ደጅ ሲያልፍ አየሁት። እጁ በልማድ ደረቱን ይዳብሳል፤ የሚያገኘው ማተቡን ብቻ ነው። ያን ለፍላፊ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አዲስ ፍላሽ ገዛሁለት። ሊነክሱን ጭኖ ሊሞክረው የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ሰካው። አልተነሳም። አየኝ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«አብሽር» አልኩት፤ «ችግሩ ከፍላሹ አይደለም።»