ጋምቤላ አርባ

እኔ የምለው፣ ሬዲዮ የከተማችሁን ስም ሲጠራ ደስ ይላችኋል? እኛ እንደነግጣለን። የዋና ከተማው ሬዲዮ ጋምቤላን የሚያስታውሳት ወይ ሲሞቀን ወይ ሲጨንቀን ነው። ሠርግ ስንደግስ፣ ባሮ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ ማን ያነሳናል? ለዚህ ነው ዜና አንባቢው "በጋምቤላ ክልል" ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ የምመልሰው። ያቺን ትንፋሽ ባይወስዳት ምናለበት?

ጋዜጣ ይሻላል። ሳምንት አልፎት ስለሚደርሰን ፍርሃቱም በርዶ ነው የሚመጣው። እንዲያውም እኔ "ውጥረት" የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የማነበው ኦቾሎኒ ከተጠቀለለበት ቁራጭ ላይ ነው። ኦቾሎኒው ሲያልቅ ውጥረቱንም ጨምድጄ እጥለዋለሁ።

ኦሞድ የሚባል ጓደኛ አለኝ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ የዚሁ የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋ። እህቱ ድንበር ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን አግብታ ስለምትኖር ትንሽ ሬዲዮ ከእጁ አይለይም። "ራድዮ ዝም ካለ ጥሩ ነው" ይለኛል። "ስም ከጠራ፣ ያኔ ነው መፍራት።"

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ። እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ አየር ንብረትና ስለ ሙቀት መጠን የሰው ልጅ ሳስተምር፣ የገዛ እናቴን ሳላስተምራት ቀረሁ። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው የካቲት ኔትወርክ ጠፋ። ለምን ጠፋ አትበሉኝ፤ እኛ የምንጠይቀው መቼ ይመለሳል ብለን ነው። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው በክልላችን "አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል" አለ። አይ አንጻራዊ! ሰላም ብቻውን ሲሆን ጤነኛ ነው፤ ቅጽል ከተጨመረለት ግን አስታማሚ ይዞ የሚሄድ በሽተኛ ነው። ይህን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴም ታውቃለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሬዲዮው ሥር አልነሳ አለች።

ጆሮዋ ደከም ብሏል። በማግስቱ የቀን ሰባት ሰዓት ዜና ሲያልቅ ከዚያ ሁሉ ንግግር ለይታ የሰማችው ይህን ብቻ ነው፦ "ጋምቤላ አርባ፣ ሰመራ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ደብረ ማርቆስ ሃያ አምስት።"

እህቴ ትርንጎ አብራት ነበረች፤ በኋላ ሁሉንም የነገረችኝ እሷ ናት። እናቴ መጀመሪያ ከሬዲዮው ሥር ተነሳች አሉ። ከዚያ "አርባ ሰው!" ብላ ደረቷን መታች። ቀጥላም "እዚህም ሃያ አምስት? ማንን ነው ሳንቀብር የቀረነው?" አለች። ትርንጎ ሙቀት እኮ ነው እማዬ ብትላት፣ "ሙቀት ነው የፈጃቸው?" ብላ ብሶባት ቁጭ።

ማንም አልሞተም እያለች በማለችላት ቁጥር ነገሩ ከፋ። መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ይደበቃል። "ትንሽ አሞት ነው" ይባላል፣ የቅርብ ሰው እየሳቀ ይዋሻል። እንግዲህ ልጅ ፊቷን አብርታ "ምንም የለም" ካለች፣ አለ ማለት ነው። ወደ እኔ ስልክ ብታስደውል ደግሞ ያቺ የስልክ ሴትዮ ሰውየውን ማግኘት አይችሉም አለቻት። "እሷ እንኳ አልዋሸችኝም" አለች አሉ እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው።

በአራተኛው ቀን ኔትወርኩ እንደተመለሰ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት። "አለህ?" አለችኝ። አለሁ አልኳት። "በል እንግዲያው እማዬ ወዳንተ እየመጣች ነው" አለችኝ። አዲስ አበባ ያለው አጎታችን ቢለምናት ቢለምናት እምቢ ስላለችው፣ ጠዋት የጋምቤላ አውቶቡስ ላይ አሳፍሯታል። ነገ ትገባለች። ስልክ የላትም፤ ቢኖራትስ መቼ ትሰማዋለች? ደም ግፊት አለባት። ከአዲስ አበባ ወዲህ ረግጣ አታውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከኦሞድ ሬዲዮ ሥር ተጎልቻለሁ። ዜና አንባቢው ትንፋሹን ወሰደ። ከመቱ ወደ ጋምቤላ ሲጓዝ የነበረ ተሽከርካሪ ተገልብጦ፣ አለና ሬዲዮው ተንጫጭቶ ጠፋ።

ተሽከርካሪ! ባጃጅም ተሽከርካሪ ነው፣ ትራክተርም ተሽከርካሪ ነው። በእኔ ሆድ ውስጥ ግን ወዲያው አውቶቡስ ሆነ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ እናቴ ተቀምጣለች። ኦሞድ ትከሻዬን ይዞ "ምንም የለም፣ መኪና ብዙ ነው" አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "ምን ሰምተህ ነው የምትደብቀኝ?" ብዬ ጮህኩበት። እንግዲህ የእናቴ ልጅ ነኝ።

መናኸሪያ እየሮጥን ሄድን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ኦሞድ ውኃ ቢሰጠኝ መልሼ ሰጠሁት። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ እየሰደብኩት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ አቧራውን ለብሶ ገባ። ሾፌሩን ያዝኩት። የተገለበጠው ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ነው፣ ሰውም አልተጎዳም፣ አልፈነው ነው የመጣነው አለኝ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች። አየችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችና "አለህ?" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘንቢሏን ልይዝላት ስል ውስጡን አየሁት። በሶ አለ፤ ከበሶው ሥር ደግሞ ታጥፎ የተቀመጠ አዲስ ነጭ አቡጀዲ። ምንድን ነው ብላት ዓይኗን ሰብራ፣ "በሶው ብትኖር፣ አቡጀዲው ባትኖር" አለችኝ። ምን ይባላል? መገነዣዬ ዛሬ የመኝታ ቤቴ መጋረጃ ነው፤ ፀሐይ በደንብ ይከላከላል።

ኦሞድ ጥላ ሥር አስቀመጣትና ውኃውን ሰጣት። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ተጠግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እማማ፣ አርባ ሰው አይደለም። አርባ ሙቀት ነው። ይሄ አሁን የሚሰማዎት፣ ይሄ ነው አርባ" አላት።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን ጠረገች። ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች።

"ይሄ ነው አርባ ያሉት?" አለች። "ይሄማ ከመቶ ያልፋል! አላልኩም? ሬዲዮ ሁልጊዜ ቀንሶ ነው የሚናገረው።"