ከግድግዳው ሁለት ስንዝር

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረ ወዲህ እንደ ግድግዳ ያለ ትዕግሥተኛ አላጋጠመውም። ይደገፉታል፣ ሚስማር ይመቱበታል፣ ልጆች ይሞነጫጭሩበታል፤ ዝም ይላል። ለዚህ ለዘመናት ለተዘነጋ ውለታ በመመሪያ ደረጃ ዕውቅና በመስጠት ቀዳሚ የሆነው ግን የሕንፃ ማጠናቀቂያና የውስጥ ማስዋብ ሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ግድግዳን ከማክበሩ የተነሣ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማዕከሉ የተግባር አዳራሽ መካከል አንድ የመለማመጃ ግድግዳ ቆሟል። የተሠራው ሠልጣኞች እየለሰኑ፣ እየቀቡ፣ መልሰውም እያፈረሱ እንዲማሩበት ነበር። ይሁንና ማዕከሉ በተመረቀበት ዕለት ለእንግዶች ዓይን ይማርክ ተብሎ ተለሰነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፣ ክሬም ቀለም ተቀባ። በማግስቱ የንብረት ክፍል ኃላፊው መጥቶ ቁጥር ለጠፈበት። ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ ደግሞ ጭረት ቢያገኘው ያስጠይቃል። ስለዚህ ማኔጅመንቱ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ «የደረቅ ልምምድ ዘዴ» የተባለውን ታላቅ ግኝት ወለደ። በዚህ ዘዴ ሠልጣኙ ደረቅ ብሩሽ ይዞ፣ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ርቆ ይቆምና አየሩን ይቀባል። ቀለም አይባክንም፣ ልብስ አይቆሽሽም፣ ወለል አይጠረግም። ዓመታዊ ሪፖርቱ «ከብክነት የጸዳ የክህሎት ሽግግር» ይለዋል።

ቱንቢ የተመዘገበው እዚህ ነው። ቱንቢ ቅጽል ስሙ ነው። የግንበኛ ቱንቢ በክሩ ላይ ተንጠልጥሎ የግድግዳን መጣመም እንደሚያሳብቅ ሁሉ፣ እሱም ጠማማ ነገር ካየ አፉን መያዝ ስለማይችል የሥራ ጓደኞቹ አወጡለት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልስን ለስኗል፣ ቀለም ቀብቷል። አንድ ቀን ኮንትራክተሩ ጠራው።

«አዲስ ደንብ ወጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ሳይት አይገባም።»

«ይሄን ፎቅ ከምድር ቤት ጀምሮ የለሰንኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተ ነህ። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ግን የሚጠይቁኝ ልስኑን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ምን ላድርግህ?»

ሦስት ልጆች የሚበሉት ከቱንቢ እጅ ነው። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ሳቀች።

«ሂድ ተማር፤ ምን ትሆናለህ? ቢበዛ የምታውቀውን ይነግሩሃል።»

ምስኪን፣ ተሳስታለች። ማዕከሉ ቱንቢ ከሚያውቀው ነገር አንዱንም አላስተማረም።

በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ጠብታ ቀለም አርፎበት የማያውቅ ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለ ግድግዳ ታሪካዊ አመጣጥ ገለጻ ሲያደርግ፣ ቱንቢ ጠጋ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው።

«መምህር፣ ይሄ ልስን ለቋል። ውስጡ ባዶ ነው። ከኋላው ቧንቧ ሳያፈስ አይቀርም።»

«ጋሼ! ወደ ኋላ ይበሉ! ሁለት ስንዝር!»

«ኋላ ሰው ላይ ይወድቃል ብዬ ነው።»

«የልስን መልቀቅ ምዕራፍ ሰባት ላይ ነው ያለው። እኛ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ነን።»

ቱንቢ አላረፈም፤ ቢሮ ሄዶ አመለከተ። ምስጋና ይግባውና ማዕከሉ አቤቱታ ሰምቶ ዝም የሚል ተቋም አይደለም፤ አምስት አባላት ያሉት የግድግዳ ሁኔታ አጣሪ ኮሚቴ ወዲያው ተቋቋመ። ኮሚቴው በመመሪያው መሠረት ከሁለት ስንዝር ርቆ ቆሞ ግድግዳውን ለረዥም ጊዜ አስተዋለው። መንካት ስለማይፈቀድ ውስጡ ባዶ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም። ስለዚህ «በዕይታ ደረጃ ጤናማ ነው» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በሁለተኛው ወር ልስኑ እንደ ታመመ ጉንጭ ሲያብጥ ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ እብጠቱ ላይ «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ባነር እንዲሰቀል ወሰነ። ባነሩ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ቱንቢ በትምህርቱ ደካማ ሆነ። ብሩሹን ሲያነሣ እጁ ሳያውቀው ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

«አሁንም ቀረቡ!» ይለዋል አሠልጣኙ ነጥብ እየቀነሰ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው መምህር።»

«ይህን ልማድ ካልተዉ ሙያተኛ አይሆኑም።»

የክፍሉ ኮከብ በአንጻሩ ቀድሞ በሠርግ ቤት ይጨፍር የነበረ መለሎ ጎልማሳ ነው። አየሩን ሲቀባ ከወገቡ ሸብረክ፣ ከትከሻው ሰበቅ እያለ ስለሆነ የቢሮዋ ጸሐፊ ሳትቀር ሥራ ፈታ ልታየው ትመጣለች። ጎልማሳው ግድግዳ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ሽንት ይዞት ሲደገፍ ብቻ ነው።

የተግባር ፈተናው ቀን የማዕከሉ ዳይሬክተር እንግዶች አስከትሎ ገባ። ሠልጣኞች ተሰልፈው አየር ሲቀቡ፣ አንዲት ሴት ሠልጣኝ ባነሩ ሥር ቆማ ነበር። ቱንቢ ከባነሩ በስተጀርባ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ዘሎ ክንዷን ጎትቶ አሽቀነጠራት፤ ባነሩ ከነልስኑ እሷ በቆመችበት ተናደ። አዳራሹ በአቧራ ተሞላ።

አቧራው ሲሰክን ሁሉም ሁለት ስንዝር ርቀቱን እንደጠበቀ ቆሟል። ቱንቢ ብቻ ከልስኑ ኋላ የሚያፈሰውን ቧንቧ አጥብቆ ዘጋ፣ ለማሳያ ከተቀመጠው ሲሚንቶ ቆንጥሮ አቦካ፣ ከቦርሳው የራሱን የግንበኛ ማንኪያና ልስን የሚያለሰልስበትን የእንጨት ፍራታሶ አወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ እርጥብ ሲሚንቶ ሲነካ ደስ አለው፤ ፈተና ላይ መሆኑንም ረሳ። ዳይሬክተሩ ከአቧራው አሽሽቶ ለሻይ የወሰዳቸው እንግዶች ሲመለሱ አንደኛቸው ቱንቢ የለሰነውን ቦታ በእጁ ዳሰሰው።

«ከግድግዳው ሁሉ ያማረው ይሄ ነው!»

«የሥልጠና ዘዴያችን ውጤት ነው» አለ ዳይሬክተሩ አንገቱን በትሕትና ሰበር አድርጎ።

ውጤት ተለጠፈ። ኮከቡ ዘጠና ስምንት። ቱንቢ ዜሮ፤ ምክንያቱም «የመንግሥትን ግድግዳ ያለፈቃድ መንካት» ይላል። ኮንትራክተሩ ቱንቢን አሰናብቶ ኮከቡን ቀጠረ። ቱንቢ ማንኪያና ፍራታሶውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተና ግድግዳ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። አዝኖ ነበር፤ በልጆቹ ፊት ያፈረውን ያህል በሌላ ነገር አፍሮ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ ቱንቢ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ዳይሬክተሩ ነው። እስከዚያን ቀን «አንተ» ሲለው ነበር የኖረው። «የሳሎኔ ልስን ተደርምሶብኝ ነው። እሑድ የቦርድ ሰብሳቢው ቤቴ ምሳ ይበላል።»

«ከተመራቂዎቹ አንዱን አይጠሩም?»

«እንዴ! ቤቴ እኮ ነው!»

ቱንቢ ሄደ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አንድ ደረቅ ብሩሽ ይዞ። ሳሎኑ መሐል ቆመ፣ ስንዝሩን ዘርግቶ ሁለት ለካ፣ ከዚያ አየሩን በዝግታ ይቀባ ጀመር። ዳይሬክተሩ ጥቂት አየው።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«የመጀመሪያውን ሽፋን ጨርሻለሁ ጌታዬ። ይድረቅ እንጂ።»

የዳይሬክተሩ ሚስት ከጓዳ ሆና ስትስቅ ተሰማች።

«አትቀልድ! ግድግዳውን ነካ አድርገህ ሥራ እንጂ!»

«ነክቼማ ዜሮ አገኘሁ።»

ዳይሬክተሩ የተደረመሰውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከቦርሳው ባዶ ሰርተፍኬት መዘዘ፤ ማኅተሙ ከእሱ ተለይቶ ስለማያድር አብሮት ነበር። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። ቱንቢ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ «በከፍተኛ ማዕረግ» ይላል። አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተውና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

«በሉ እንግዲህ፣ እባክዎ ይጀምሩ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ወደ «እርስዎ» ተመልሶ።

ቱንቢ ደረቅ ብሩሹን እንደያዘ ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ አለ።

«አይሆንም ጌታዬ። አሁን እኮ ባለ ሰርተፍኬት ነኝ፤ ግድግዳ አልነካም።»