ከነጥቡ በኋላ ምን ይላል?

ባለፈው ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ነገር አየሁ። ጣቷ ላይ ፕላስተር የለጠፈች ልብስ ሰፊ የልጇን የትምህርት ቤት ማመልከቻ በፍላሽ ይዛ መጥታለች። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፋይሉ ግን እምቢ አለ።

“ተበላሽቷል፣ የኔ እናት” አላት ባለ ማሽኑ።

“ስሙን ብቻ ነው እኮ ያሳጠርኩት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም” አለች፣ ድምፅዋ እየሳሳ።

ይህን ጊዜ ከፊቷ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብና የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩ አራት ፊደላት ጨመሩ። ማመልከቻው እልም ካለበት ተመለሰ።

“ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እቴ” አሏት። “ማሽን አንዳንዴ ያኮርፋል።”

እኔ ከወረቀት ቁልሉ ጀርባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወይዘሮዋን አውቃቸዋለሁ። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ቀን ጥፋትን በማሽን ሲያሳብቡ ሰምቼ አላውቅም።

መሥሪያ ቤት በተባለ ሁሉ፣ ጣሪያው ያፍስስም አያፍስስ፣ አንድ እንደሳቸው ያለ ሰው አይጠፋም። ፈጣሪ ለየቢሮው አንዳንድ መድቧል ብዬ አምናለሁ፤ ባይመድብ ኖሮ የሰው ልጅ ጽሑፍ ሁሉ እስካሁን “አይከፈትም” ተብሎ አልቆ ነበር። ለእኛ የደረሱን የመዝገብ ቤታችን ተጠባባቂ ኃላፊ፣ ክብርት እትዬ ነጥብ ናቸው። ተጠባባቂ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ፋይል ይዞ የመጣ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ “ከነጥቡ በኋላ ምን ይላል?” ስለሚሉ። እናትህ ታመው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ይህን መልሰህ ነው የምታለቅሰው።

በዚያው ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ከእንግዲህ ዲፕሎማ ላለው ይሰጣል። ዲፕሎማ የሌለው ተጠባባቂ ሥራውን የሚገልጽ ጽሑፍ እስከ ዓርብ ለኮሚቴው ካላቀረበ፣ ዋናው በር ላይ የእንግዳ ካርድ ወደ ማደል ይዛወራል። እትዬ ነጥብ ዲፕሎማ የላቸውም። ያላቸው አንድ ትልቅ መነጽርና አንድ ጥያቄ ነው።

እኔም ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ እጄ የገባ መጽሐፍ ሁሉ ነው። ኮምፒውተር ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አስተምህሯቸውም እንደ ዘር ቆጠራ ነበር።

“ዶክ የሚባለው ፋይል አባት ነው፣ ዶክኤክስ ልጅ ነው” አሉኝ። “ልጅ የአባቱን ቋንቋ ይሰማል። አባት ግን ካላስተማሩት የልጁን አይሰማም። ገባህ?”

“ፒዲኤፍስ?”

“የታሸገ ውሃ። ትጠጣዋለህ እንጂ ስኳር አትጨምርበትም።”

“ቲኤክስቲ?”

እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። “እሱ ባሕታዊ ነው። ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። የትም ቢሄድ በር የሚዘጋበት የለም።” ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ራሴ ለዚያ ፋይል አክብሮት አለኝ።

ምሕረታቸው ግን ለሁሉም አይደለም። የሰው ኃይል ሹሙ አንድ ጊዜ የሠራተኞችን ሰንጠረዥ ከስክሪኑ ላይ በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከላቸው። እሳቸውም የዳቦ ፎቶ መልሰው ላኩለት። “ብላ” የሚል ጽፈውበታል። እኔም አልተረፍኩም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደጃፉ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። የላክሁላቸው የዕቃ ዝርዝር “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ የታረመ”፣ “እውነተኛ የመጨረሻ” እና “የመጨረሻ በቃ” በሚሉ አራት ስሞች ደርሷቸዋል።

“አንተ ሰውዬ፣ የዓለም መጨረሻ እንኳ አንዴ ነው የሚመጣው” አሉኝ። “አንተ አራቴ አመጣህብኝ!”

ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝማ፣ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሥዕል ስላ ብታሳያቸው “ጎሽ! በምን አስቀመጥሽው?” ብለዋታል። “በቦርሳዬ” አለች ልጅቱ። አያት ረክተው ጉንጯን ሳሙ።

ከሁሉ የከፋው የክቡር ሥራ አስኪያጃችን ነገር ነው። ዋናው ቢሮ የዓመቱን ሪፖርት በፒዲኤፍ ብቻ ላኩ ይላል። እሳቸው ይልካሉ፤ “አይከፈትም” ተብሎ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ከነጸሐፊያቸው ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ።

“እትዬ፣ ፒዲኤፍ ብዬ ልኬዋለሁ እኮ!”

“ብለው ነው ወይስ አድርገው ነው የላኩት?”

“ከነጥቡ በኋላ ያለውን አጥፍቼ ፒዲኤፍ ብዬ ጻፍኩበት።”

እትዬ ነጥብ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ከወለቀ ነገር አለ። “ጌታዬ፣ በግ አንገት ላይ ‘አንበሳ’ የሚል ታፔላ ቢያንጠለጥሉ ያገሳል?”

ጸሐፊዋ የወደቀ እስክሪብቶ ልታነሳ ጠረጴዛ ሥር ገባች። የወደቀ እስክሪብቶ አልነበረም። ኮሚቴውን የሚመሩት እንግዲህ እኚሁ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔ የምሠራበት ዕቃ ግምጃ ቤት በር ተንኳኳ። እትዬ ነጥብ ናቸው። እግራቸው እዚያ ረግጦ አያውቅም፤ የሚፈልጉትን በኢሜይል ነው የሚያዝዙኝ። የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጡና አንድ ገጽ ሰጡኝ። ገጹ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። “እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ።”

“ሁለት ቀን ፈጀብኝ” አሉ።

“እትዬ፣ ይሄማ በርዎ ላይም ተጽፏል።”

“አትሳቅ! የሰው ደብዳቤ ስከፍትና ሳቃና ነው የኖርኩት። ስለ ራሴ ልጽፍ ስቀመጥ ጣቴ ይታሰራል። ምን ልበል? ‘ጎበዝ ነኝ’ ልበል? ነውር አይደለም?”

ወረቀቱን መለስኩላቸው። እሳቸውም በአራት አጥፈውት ቀጠሉ።

“በር ላይ ካርድ ማደልም ሥራ ነው፣ አልንቀውም። ግን አሮጌው ማሽን ውስጥ ገና ወደ አዲሱ ያላዛወርኳቸው መቶ አርባ ፋይሎች አሉ። ሠርተው ያለፉ ሰዎች የአገልግሎት ዘመን ነው፤ የጡረተኞች፣ የሟቾች። አዲስ የሚመጣው ሰው አንዴ ሞክሮ ‘አይከፈትም’ ይልና ያጠፋቸዋል። ልጆቻቸው ነገ ማስረጃ ብለው ቢመጡ ምን ይባላሉ?”

እኔ ሳውቃቸው በማንም ፊት አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ዓይናቸው የመጋዘኑ ወለል ላይ ነበር። ኪቦርድ አስተምረው እኔን ከማንበብ ወደ መጻፍ ያሻገሩኝ እጆች ጉልበታቸው ላይ ተጣምረዋል። በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ እኚህን ሴት ለሌላ ቢሮ መድቧቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

“አንተ ስለ ሰው ትጽፋለህ አሉ። እስከ ዓርብ አንዲት ገጽ ጻፍልኝ፣ ወንድሜ። የሠራሁትን ብቻ፣ እንዳየኸው” አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉና ጣታቸውን አነሡብኝ። “ብቻ አደራህን፣ እንደ ልማድህ እንዳታጋንንብኝ።” ይኸው፣ እንዳየሁት ጻፍኩ።